መላጊያና አናጢው፦ ከድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ እስከ መልካ ጀብዱ

የሰው ልጅ ታሪክ የሥራ መሣሪያዎቹ ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ነገሥታት ያወጡት አዋጅ፣ የጦር አበጋዞች የተዋጉበት ሜዳና ቀን በመጻሕፍት ተመዝግቦ ይገኛል። በሩን የጠረበው፣ ወንበሩን ያለሰለሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑን መንበርና የመስጊዱን መስኮት ያበጀው እጅ ግን ስሙን ሳያስመዘግብ አልፏል። ከዚህ እጅ የቀረልን ምስክር ሁለት ነው፤ አንደኛው የሠራው ሥራ፣ ሁለተኛው የሠራበት መሣሪያ። ሥራውን ብዙዎች ያደንቁታል። መሣሪያውን አንሥቶ ከየት መጣህ፣ ምን ሠራህ፣ ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ከአናጢው መሣሪያዎች መካከል ይህን ጥያቄ ከሁሉ አብልጦ የሚሻው መላጊያ ነው። መጋዝ ይቆርጣል፣ መሮ ይፈለፍላል፣ መዶሻ ይመታል፤ ተግባራቸውን ለማወቅ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። የመላጊያ ተግባር ግን እንዲህ በአንድ እይታ አይጨበጥም። በአንድ የተሟላ የአናጢ ሣጥን ውስጥ ረጅምና አጭር፣ ሰፊና ጠባብ፣ ቀጥና ጎባጣ የሆኑ ብዙ መላጊያዎች ይገኛሉ። የእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ችግር የተፈታበት መልስ ነው። ችግሩን ያላወቀ ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ቢያይ ተመሳሳይ ብረቶች ያለ ምክንያት የተከማቹ ይመስለዋል። ችግሩን የሚያውቅ ግን የብዙ ትውልድ አእምሮ ተደርድሮ ያገኛል።

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ ከተማ በስተምዕራብ፣ ወደ ሁርሶ በሚወስደው አቅጣጫ ትገኛለች። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ስሟ እንደሚያመለክተው መልካ ጀብዱ የመሸጋገሪያ ስፍራ ናት። ዛሬም የምታሻግረው ከአንድ የአሠራር ዘመን ወደ ሌላው ነው። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው በዚሁ አካባቢ ነው፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቋል። የባቡር ሐዲድ የወለዳት ድሬዳዋ በአንድ በኩል፣ ፋብሪካ የሚተከልባት መልካ ጀብዱ በሌላ በኩል ቆመው ሲታዩ፣ በመካከላቸው ያለው የእጅ ሙያ ታሪክ ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል።

ከመላጊያ በፊት

በአገራችን የእንጨት ሥራ ጥንታዊ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ከድንጋይ ቢፈለፈሉም የቀረጿቸው ጠቢባን በዓይነ ልቡናቸው ያዩት የእንጨትና የድንጋይ ቤት ነበር። በሐውልቶቹ ላይ በሩ፣ መስኮቱ፣ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚታየው የወራጅ ጫፍ፣ ይኸውም በተለምዶ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው፣ ሁሉም በድንጋይ ተተርጉሞ ይታያል። ድንጋይ ጠራቢው ከአናጢው ተምሯል ማለት ነው። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን የጣራ ገበታዎች ላይ የተቀረጹት የእንስሳት ምስሎች፣ በይምርሐነ ክርስቶስም ከነጩ ልስን ጋር እየተፈራረቀ የሚታየው እንጨት የዚሁ ጥበብ ቅጥያዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ በዋናነት የተሠራው በምሳር፣ በመጥረቢያና በመሮ ነው። መጥረቢያ በሠለጠነ እጅ እጅግ ረቂቅ ሥራ ይሠራል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ፣ በብራና መጻሕፍት ሽፋንነት የሚያገለግለው የዋንዛ ገበታ፣ ሥዕለ አድኅኖ የሚሣልበት ሠሌዳ ለዚህ ማስረጃ ይሆናሉ። የጥንቱን ሠሌዳ ፊቱን ሲያዩት ሥዕል ነው፤ ጀርባውን ሲገለብጡት ግን የመጥረቢያው ምት እንደ ውኃ ሞገድ ተከታትሎ ይታያል። ሠዓሊው ፊቱን በጨርቅና በነጭ ቅብ አስተካክሎ ቀለሙን ያሳርፍበታል። ጀርባው የአናጢው፣ ፊቱ የሠዓሊው ገጽ ነው።

መጥረቢያ ማለስለስ ይችላል፤ ነገር ግን ልክ መጠበቅ ይከብደዋል። አንድ ዕቃ ከአንድ ግንድ ሲፈለፈል ቅርጹ ከራሱ ጋር ከተስማማ ይበቃል። ሁለት ሳንቃ ጎን ለጎን ተጋጥሞ በመካከሉ ብርሃን እንዳያሳልፍ ሲፈለግ፣ መሳቢያ በቤቱ ውስጥ ሳይጣበቅና ሳይላላ እንዲንሸራተት ሲታሰብ፣ አሥር መስኮቶች አንድ መጠን እንዲኖራቸው ሲታዘዝ ግን ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስለቱ ከእጅ ንዝረት ተላቅቆ በአንድ አካል ውስጥ መታሰር፣ የሚቆርጠውም ጥልቀት አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። መላጊያ ከዚህ ፍላጎት የተወለደ መሣሪያ ነው። መጥረቢያ በአናጢው ክንድ ሲመራ፣ መላጊያ በራሱ ወለል ይመራል።

በዓለም ታሪክ ያለው ስፍራ

መላጊያ በሮማውያን ዘመን የታወቀ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው የፖምፔይ ከተማ በተቆፈረች ጊዜ ከሠራተኞች ዕቃ መካከል የብረት ወለል ያላቸው መላጊያዎች ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ምዕተ ዓመታት የአውሮፓ አናጢዎች የመላጊያውን አካል በአብዛኛው ከእንጨት፣ ስለቱን ከብረት ሲያበጁ ኖሩ። ስለቱን በቦታው የሚያጸናው የእንጨት ሽብልቅ ነበር። አናጢው ስለቱን ወደ ታች ለማውረድም ሆነ ለማውጣት መዶሻውን አንሥቶ ቀስ እያለ ይመታው ነበር፤ የጥልቀቱን ልክ የሚነግረው ጆሮውና ጣቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተከናወኑ። የመጀመሪያው በስለቱ ጀርባ ሁለተኛ ብረት መደረቡ ነው። ሁለተኛው የሙያው ዕውቀት በመጽሐፍ መስፈሩ ነው። ፈረንሳዊው አናጢ አንድሬ ዣክ ሩቦ እ.ኤ.አ. ከ1769 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተመው ስለ አናጢነት ጥበብ የሚያትት ሰፊ ሥራ፣ መላጊያዎቹን ከነሥዕላቸውና ከነተግባራቸው ዘርዝሮ አስቀምጧል። የሥራ ሰው ስለ ራሱ ሥራ ሲጽፍ የሚገኘው ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ይህ መጽሐፍ ይመሰክራል። ጌታው ለደቀ መዝሙሩ በጆሮ ሲነግረው የነበረው ምስጢር የሕዝብ ሀብት ሆነ።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ የአሜሪካው ሊዮናርድ ቤይሊ ከ1858 እስከ 1867 እ.ኤ.አ. ባስመዘገባቸው ፈጠራዎች የብረት መላጊያን ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ሰጠው። የስለቱን ጥልቀት በምትሽከረከር የናስ ብሎን ማስተካከል ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1869 ዓ.ም. የስታንሊ ኩባንያ መብቱን ገዝቶ መላጊያዎቹን በቁጥር እየለየ ለዓለም ገበያ አቀረበ። በቁጥሮቹም 4 አጭሩን አለስላሽ፣ 5 መካከለኛውን፣ 7ና 8 ረጃጅሞቹን ያመለክታሉ። በአንጻሩ የጃፓን አናጢ ስለቱን ከወፍራም ብረት ሠርቶ በእንጨት አካል ውስጥ ያስገባል፤ መላጊያውንም እንደ ሌሎቹ ከመግፋት ይልቅ ወደ ራሱ ይስባል። ሥራው አንድ ነው፤ የእጁ መንገድ ግን እንደየሕዝቡ ባህል ይለያያል።

ወደ አገራችን የመጣባቸው ጎዳናዎች

የውጭው አሠራር ከኢትዮጵያ ባለ እጆች ጋር የተገናኘው በአንድ በር ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞችን ሰብስበው ሲያሠሩ፣ ዋናው ሐሳባቸው መድፍ ማስጣል ቢሆንም አገሬው ሙያውን እንዲማር ይሹ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ሕንዳውያን ግንበኞችና አናጢዎች በአዲስ አበባና በሐረር ብዙ ሥራ ሠርተዋል። ዛሬ በሐረር «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው ባለ ፎቅ ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ በ1884 ዓ.ም. የሞተ በመሆኑ ቤቱን አልኖረበትም፤ ስሙን ግን ወርሶታል። የቤቱን የእንጨት ፊት ያስጌጡት እጆች ደግሞ ያለ ስም ቀርተዋል። የታሪክ ሚዛን ወደ ማን እንደሚያደላ በዚህ አንድ ቤት ይታያል።

በፋርስኛ «ራንዳ» የሚባለው መላጊያ በሕንድኛም ያንኑ ስም ይዞ ይገኛል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በሚነገረው ስዋሂሊም አናጢው መላጊያውን «ራንዳ» ይለዋል። ቃሉ የሕንድ ውቅያኖስን የተሻገረው በነጋዴና በእጅ ሙያተኛ መርከብ ነው። ዐረቦች ደግሞ በብዙ አገራቸው መላጊያን «ፋራ» ይሉታል፤ ትርጉሙም አይጥ ነው። በሳንቃው ላይ ሮጣ የምትመለሰዋን፣ እየቆረጠችም የምትሄደዋን መሣሪያ አይጥ ብሎ የሰየማት ሰው በእርግጥ የገጣሚ ዐይን ነበረው።

ለድሬዳዋ ግን ከሁሉ የሚበልጠው በር ሐዲዱ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ፣ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ከባድ በመሆኑ ሐዲዱ በቆላው ቀረ፤ በቀረበትም ስፍራ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው ከብዙ የገንዘብና የፖለቲካ ውጣ ውረድ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት የኩባንያው ወርክሾፕ የድሬዳዋ ልብ ሆነ።

በዚያ ዘመን የባቡር ሥራ የብረት ሥራ ብቻ አልነበረም። የመንገደኛው ፉርጎ ወለሉ፣ ግድግዳው፣ መቀመጫው፣ የመስኮቱ ክፈፍ በብዛት እንጨት ነበር። በቆላው ፀሐይ እየደረቀ፣ በደጋው ዝናም እየረጠበ በአንድ ጉዞ ሁለት አየር የሚያይ እንጨት ቶሎ ቶሎ ጥገና ይሻል። ስለዚህም የባቡሩ ሥራ ያለ አናጢ አይሟላም ነበር። በከዚራ በመስመር የተቀየሱት ቤቶች በርና የመስኮት መዝጊያም ይህንኑ ዐይነት በልክ የሚገጠም ሥራ የሚጠይቁ ነበሩ። ፈረንሳይኛ የባቡሩ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ ድሬዳዋዎች ኩባንያውን «ሸሚን ደ ፌር» ሲሉት ኖሩ፤ በአዲስ አበባም «ላ ጋር» የሚለው ቃል ለገሃር ሆኖ ቀርቷል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ደግሞ ሌላ የቃላት ክምችት ትቶ ሄደ። በአገራችን የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቶች የሚሰሙት ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ብሎን፣ ሰጋቱራ ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መላጊያውም «ፒያላ» ተብሏል። ወራሪው በሕዝባችን ትግል ተባርሮ ወጥቷል፤ መሣሪያውንና ቃሉን ግን ሠራተኛው ማርኮ አስቀርቶታል። ቢሆንም «መላጊያ» የሚለው የራሳችን ቃል አልሞተም። «ላገ» ከሚለው ግሥ ተነሥቶ እንደ መጥረጊያና እንደ መቁረጫ በቋንቋችን ሕግ የተበጀ፣ ጆሮ ላይም ከላጨና ከላጠ ጋር የሚቀራረብ፣ ድርጊቱን በድምፁ የሚያሰማ ቃል ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት

የአናጢው ሥራ የሚጀመረው ከመጋዝ በወጣ ሸካራ ጣውላ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ሸካራ መላጊያ ስለቱ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ጥፍር ጫፍ ጎበጥ ያለ ነው። ጎባጣው ስለት ጠባብና ጥልቅ ቦይ እያወጣ ወፍራሙን ትርፍ በፍጥነት ያነሣል። አናጢው ይህን መላጊያ በእንጨቱ ርዝመት ብቻ አይገፋውም፤ አግድም ወይም ሰያፍ አድርጎ ይነዳዋል። ውበት ከዚህ መሣሪያ አይጠበቅም። የእርሻ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይህ የመጀመሪያው እርሻ በሆነ ነበር።

ቀጥሎ መካከለኛው ይመጣል። ርዝመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ሸካራው የተወውን ሸንተረር ይደመስሳል። አንድ መላጊያ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው አናጢ የሚመርጠው ይህንኑ ነው፤ ስለቱን እያቀያየረ ለሸካራውም ለለስላሳውም ሊያሠራው ይችላልና። በደሃ አናጢ ቤት መካከለኛው መላጊያ የሁሉ ምትክ ነው።

ሦስተኛው ረጅሙ መላጊያ ነው፤ ፈረንሳዮች «ቫርሎፕ» ይሉታል። ርዝመቱ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የእንጨቱ ዐይነት ከዚያም ይበልጣል። ይህን ያህል መርዘሙ ስለ ምንድን ነው? አጭር መላጊያ በጎድጓዳ ጣውላ ላይ ሲሄድ ከጉድጓዱ ጋር አብሮ ይወርዳል፣ ከጉብታው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ጠማማውን ሳያቃና ያለሰልሰዋል። ረጅሙ ግን በጉብታዎቹ ላይ እንደ ድልድይ ተጋድሞ ጉብታዎቹን ብቻ ይቆርጣል፤ ወደ ጉድጓዱ አይወርድም። ጉብታው አልቆ ከጉድጓዱ ጋር ሲስተካከል መላጊያው ከዳር እስከ ዳር ያልተቆረጠ አንድ ረጅም ልጣጭ ያወጣል። ያ ልጣጭ ሳይበጠስ የወጣ ጊዜ ጣውላው ቀንቷል ማለት ነው። ሁለት ሳንቃ በኮላ የሚጋጠመው በዚህ መላጊያ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

አራተኛው አጭሩ አለስላሽ ነው፤ ከ24 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ማቃናት የረጅሙ ተግባር ስለሆነ የዚህኛው ፋንታ የመጨረሻውን ገጽ መስጠት ነው። ስለቱ በእጅጉ የተሳለ፣ አፉ የጠበበ ሊሆን ይገባል። እንጨት ሲላግ ቃጫው ከስለቱ ቀድሞ ወደ ውስጥ ሊሰነጠቅ ይፈልጋል። የመላጊያው አፍ ከስለቱ ፊት ያለውን እንጨት ተጭኖ ይይዘዋል፤ በስለቱ ላይ የተደረበው ሁለተኛ ብረት ደግሞ ልጣጩን ወዲያው ሰብሮ ያጥፈዋል፤ ስንጥቁም ወደ ፊት እንዳይሮጥ ይታገዳል። የስለቱ ዝንባሌ በተለመደው መላጊያ 45 ዲግሪ ነው። እንደ ወይራ ጠንካራና ቃጫው የተወሳሰበ እንጨት ሲሆን ግን ወደ 50 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቀጥ ያለው ይመረጣል። በደንብ የተላገ ገጽ ብርጭቆ ወረቀት አያሻውም። ብርጭቆ ወረቀት ቃጫውን ፈግፍጎ ያደበዝዘዋል፤ ስለት ግን በአንድ ቅጽበት ቆርጦት ስለሚያልፍ የእንጨቱ ቀለም ጠርቶ ይወጣል።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት እንደ ልዩ ሙያተኞች ናቸው። በአንድ እጅ መዳፍ የምትያዘው ትንሿ መላጊያ ስለቷ እጅግ ያዘነበለ ነው፤ የጣውላውን ጫፍ፣ ማለትም ቃጫው የተቆረጠበትን ፊት፣ ሳትፈረፍር ታስተካክላለች። ስለቱ ከዳር እስከ ዳር የሚደርሰው የጠርዝ መላጊያ፣ ፈረንሳዮች «ጊዮም» የሚሉት፣ በር ከመቃኑ ጋር የሚገናኝበትን ደረጃ ያወጣል። የቦይ መላጊያ በጣውላው ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር ይቆፍራል። ጥንድ ሆነው የሚሠሩት ወንዴና ሴቴ መላጊያዎች ደግሞ አንዱ ምላሱን፣ ሌላው ቦዩን አውጥተው ሁለት ሳንቃ ያለ ምስማር ያያይዛሉ፤ እነዚህን ፈረንሳዮች «ቡቬ» ይሏቸዋል። ወለሉ የጎበጠው መላጊያ ለክብ ጠረጴዛ ጠርዝና ለቅስት ያገለግላል። የጌጥ መላጊያዎች ስለታቸው በራሱ እንደ ማዕበል የተቀረጸ ሲሆን የኮርኒሱንና የሣጥኑን ከንፈር ቅርጽ በአንድ ግፊት ይሰጣሉ።

የቦይ መላጊያ በድሬዳዋ አየር ያለው ፋይዳ ለብቻው መነገር አለበት። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በስፋቱ ግን ይኮማተራል። ከአርሲ፣ ከባሌ ወይም ከሐረርጌ ደጋ ወርዶ ድሬዳዋ የደረሰ ጣውላ የቆላውን ደረቅ አየር ሲያገኝ ጥቂት ወራት ሳይቆይ መጠኑን ይለውጣል። ሰፊ ሳንቃ በምስማር ጠፍንጎ በር የሠራ ሰው ሳንቃው ሲኮማተር መላወሻ አጥቶ ከመካከሉ ሲሰነጠቅ ያየዋል። ብልሃተኛው አናጢ ግን በሩን በክፈፍና በገበታ ይከፍለዋል። በክፈፉ ውስጠኛ ጠርዝ በቦይ መላጊያ መስመር ያወጣና ገበታውን ያለ ኮላ፣ ያለ ምስማር በቦዩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ገበታው ሲደርቅ በቦዩ ውስጥ ይጠባል፣ ሲረጥብ ይሰፋል፤ ክፈፉ ግን ቅርጹን አይለቅም። ስለዚህ በየበሩ ላይ የምናያቸው አራት ማዕዘን ገበታዎች ለጌጥ ብቻ የተደረጉ አይደሉም። አናጢው ለእንጨቱ ተፈጥሮ የሰጠው ነፃነት ናቸው።

አየሩ መላጊያውንም አይምርም። የእንጨት አካል ያለው መላጊያ በድርቅ ወለሉ ሊጣመም ስለሚችል ባለቤቱ በየጊዜው ወለሉን መልሶ ማቃናት ይኖርበታል። የብረቱ መላጊያ አይጣመምም፤ ነገር ግን ከተጣለ ይሰበራል፣ ከተረሳ ይዝጋል። ስለቱ ከባዕድ አገር ያልመጣለት ሰው ከአሮጌ ባሌስትራ ወይም ካረጀ ሞረድ አስቀጥቅጦ ያሠራል፤ አካሉንም እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት ራሱ ሊጠርበው ይችላል። አናጢው የራሱን መሣሪያ የሚሠራበት መሣሪያ ያለው መሆኑ ከብዙ ሙያተኞች ይለየዋል።

የባለ እጁ ክብር

ይህን ያህል ዕውቀት የያዘ ሙያ በማኅበረሰባችን ዘንድ ተገቢውን ክብር አግኝቶ አልኖረም። የፊውዳሉ ሥርዐት አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው እየተጠቀመ በስማቸው ይሳለቅ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ስፋት ያሳያል፤ የሌለ ነገር በአዋጅ አይከለከልምና። አዋጁ ስድቡን በሕግ ነቀፈው፤ ከሰው ልብ ግን በአንድ ቀን አላወጣውም። በድሬዳዋ የተለየው ነገር የባቡሩ ወርክሾፕ ሙያን በደመወዝና በማዕረግ መመዘኑ ነው። በዚያ የሚሠራ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ምን መሥራት እንደሚችል ይጠየቅ ነበር። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን መኖራቸው ሙያውን ከትውልድ ቆጠራ አላቅቆታል።

ሙያው በትምህርት ቤትም ስፍራ አግኝቷል። በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራን ከሌሎች ሙያዎች ጋር አስተምሯል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ደግሞ የእንጨት ሥራ ቴክኖሎጂን ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ በብዛት ከውጭ መጻሕፍት የተቀዳ በመሆኑ ተማሪው የመላጊያውን ስም በእንግሊዝኛ እያጠና፣ በሥራ ቤቱ በኢጣሊያንኛ እየጠራ፣ በቤቱ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ እያሰበ አደገ። ሩቦ ለፈረንሳይ አናጢዎች ያደረገውን በቋንቋዎቻችን የሚያደርግ ሥራ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ማሽኑና እጁ

እንጨትን በኀይል የሚልግ ማሽን አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1791 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው ዊልያም ውድዎርዝ በ1828 ዓ.ም. ያስመዘገቧቸው ፈጠራዎች የዛሬው የመላጊያ ማሽን አባቶች ናቸው። የሚሽከረከረው ስለት የእጅ መላጊያ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል። የአናጢን ወገብ ከመጉበጥ፣ ትከሻውን ከመድከም ያዳነ መሣሪያ ሊወቀስ አይገባውም። ችፑድና ኮምፔርሳቶ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ልሙጥ በመሆናቸው መላጊያ ከነጭራሹ አይሹም። በዚህም ምክንያት የመላጊያው ሣጥን ቀስ በቀስ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ወደ ጥግ፣ ከጥግም ወደ ውራጅ ገበያ ይገፋል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁራሌው ብረትን የሚገዛው በኪሎ ነው። በሚዛኑ ላይ ረጅሙ መላጊያና የተሰበረ የአልጋ እግር ልዩነት የላቸውም። የጌጥ መላጊያ ደግሞ አካሉ እንጨት በመሆኑ ለቁራሌውም አይሆንም፤ ዕድሉ ምድጃ ነው። የተሸጠው ብረት ቀልጦ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ከእርሱ ጋር የሚጠፋው የቃል ዕውቀት ግን፣ ይኸውም አፉ ስለ ምን እንደጠበበ፣ ወለሉ ስለ ምን እንደረዘመ፣ የቱ እንጨት በየት በኩል እንደሚላግ፣ ቀልጦ የሚሠራበት ምድጃ የለም።

የደናችን ሁኔታም ይህን ዕውቀት ይበልጥ ተፈላጊ አድርጎታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሏል። ስለዚህ ባረጁ ቤቶች ውስጥ የሚገኝ የዋንዛ በር ወይም የጽድ ሣጥን ዛሬ የማይተካ ሀብት ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማደስ ደግሞ ማሽን አይሆንም፤ ማሽኑ ጥሎት የሚያልፈውን ውፍረት ዕቃው አይችለውምና። ከአሮጌው ገጽ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጣጭ ብቻ አንሥቶ የቀረውን የሚያተርፈው የእጅ መላጊያ ነው። የቅርስ ጥገና የሚሠራ ሁሉ መጨረሻው ወደዚህ ሣጥን ይመለሳል።

ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ወዲህ 1.435 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር አዲስ አበባን ከጅቡቲ ጋር ያገናኛል። የአሮጌው ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ በድሬዳዋ መሀል የዘመኑ ምስክር ሆኖ ቆሟል። በዚያ ስፍራ ጎብኚ የሚያደንቀው በመጀመሪያ ሎኮሞቲቩንና ታላላቁን የብረት ማሽን ነው። ከእነርሱ ጎን የአናጢው መላጊያዎች በየተራቸው ተደርድረው፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ስማቸው ተጽፎ፣ እያንዳንዱም የሠራው ሥራ አብሮት ቢታይ የከተማይቱ ታሪክ የበለጠ ይሟላል። ሎኮሞቲቩ የኩባንያውን ታሪክ ይናገራል፤ መላጊያው የሠራተኛውን።

ለዚህ ሥራ ታላቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በመልካ ጀብዱና በድሬዳዋ የሚገኙ የሙያና የቴክኒክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አረጋውያን አናጢዎች ልከው ስሙን፣ ልኩን፣ አያያዙን ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። ሠዓሊው እያንዳንዱን መላጊያ ከወለሉ፣ ከጎኑና ከላዩ ሊሥለው ይችላል። የባህል ሠራተኛው የተሰበሰበውን በአንድ ስፍራ ሊያስቀምጥ ይችላል። በፋብሪካ የሚሠራው ወጣትም ማሽኑን ከመያዙ አስቀድሞ አንድ ጣውላ በእጁ አቃንቶ ቢማር፣ ማሽኑ ሲሳሳት የሚያውቅ ሠራተኛ ይሆናል። ቀጥ ያለውን በእጁ ያላወቀ ሰው፣ ጠማማው በማሽን ሲመጣለት ቀጥ ያለ ይመስለዋልና።

ለባለ እጅ ያለን አክብሮት የሚታወቀው በዓል ላይ በምንናገረው ምስጋና ሳይሆን በመሣሪያው ላይ በምናደርገው ጥንቃቄ ነው። የወንዝ መሻገሪያ የሆነችው መልካ ጀብዱ ከእጅ ወደ ማሽን በሚደረገው ሽግግር ላይ ቆማለች። ተሻጋሪ ሰው ወንዙን ሲሻገር የሚጠቅመውን ስንቅ በዚያኛው ዳር ጥሎ አይሄድም።